መልሱን ንገሪኝ

ነሐሴ 12 ቀን 1977

እሑድ። እንደ ሁልጊዜው ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ። ድልድዩ ላይ መንገዱ ተዘጋግቶ አርባ ደቂቃ ቆምን። ባሌ ክፍሉ መሪውን በጣቱ ሲመታ፣ ልጆቹ ከኋላ ሲነታረኩ። ደርሰን ደግሞ አሜሪካኖቹ አዳራሹን እስኪለቁልን ሌላ ግማሽ ሰዓት ደጅ። የኪራይ ቤተ ክርስቲያን ነዋ… ጌታም ተራ ይጠብቃል።

ከጸሎት በኋላ እትዬ እንግዳወርቅ ክንዴን ያዙኝ። በሌላው እጃቸው የቤት ትምህርት መጻሕፍት ካታሎግ።

«ተናኘ፣ እስካሁን አልወሰነችም አሉኝ።»

ማን ነው ያላቸው? ባሌ ነዋ፣ ሌላ ማን ይሆናል!

«ሁላችንም የያዝነው ይኼንኑ ነው። የልጅ ልጆቼን አታዪያቸውም? አንቺ ምን የተለየ ትፈልጊያለሽ?»

እሳቸው ሲጠይቁ ማዘዛቸው ነው። ከጉባኤያችን ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ስድስት ቤተሰቦች አሉ፤ አምስቱን የመለመሏቸው እሳቸው ናቸው። እኔ በራሴ ምክንያት ነው የገባሁት። ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ እዚህ ልጻፈው።

ባለፈው ሚያዝያ ሳላስታውቅ ታናሿ ልጄ ፅጌ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስምንት ዓመቷ ነው፤ አማርኛም እንግሊዝኛም ታነባለች። ክፍል ውስጥ ግን አትናገርም። ስለማትናገር ብቻ ቀስ ብለው ከሚማሩት ክፍል ከተዋታል። ስገባ ዳክዬ ቀለም ትቀባለች። ግድግዳው ላይ ስሟ ያለበት ሌላ ዳክዬ፣ ከጎኑ ሌላ… አሥራ አራት ቆጠርኩ። አስተማሪዋ «ሺ ኢዝ ሶ ስዊት» አለችኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አስመለሰኝ። ማጋነን አይደለም፣ አስመለሰኝ።

እሷን አወጣኋት። ታላቋን ሉሊትንም አብሬ።

አሁን ሕጉ መጣ። እስከ ነሐሴ 25 ምን እንደማስተምር ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ በደብዳቤ ማሳወቅ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ፈተና። ከመቶ የአገሩ ልጅ ቢያንስ አርባውን መብለጥ አለባቸው። ካልበለጡ ፅጌ ወደ ዳክዬዋ ትመለሳለች።

ሒሳቡና ንባቡ አያሳስበኝም። የጨነቀኝ ሳይንሱ ነው። ናዝሬት ስድስት ዓመት ሳይንስ ያስተማርኩ ሴት ለሁለት ልጅ መጽሐፍ መምረጥ አቃተኝ። ይታያችሁ! ለማን ነው «ይታያችሁ» የምለው ደግሞ…

ነሐሴ 14

እትዬ ያዋሱኝን ጥራዝ ከፈትኩት።

«ውሃ ፈሳሽ ነው» ይላል። ከሥሩ ባዶ ቦታ፦ ውሃ ____ ነው። ገለጥ። «እግዚአብሔር ዓሣን ፈጠረ። ዓሣ በውሃ ውስጥ ይኖራል።» ከሥሩ፦ ዓሣ በ____ ውስጥ ይኖራል። እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ገጽ። ይኼን የጻፈው ሰው ዓሣ አይቶ ያውቃል? እኔም አምላኬን እወዳለሁ። ያንገሸገሸኝ ለእንዲህ ያለ ስንፍና ስሙን መጥራታቸው ነው።

ሉሊትን ጠራኋት። «ሳታነቢ ሙዪው» አልኳት፣ ልፈትነው ብዬ። በስድስት ደቂቃ አሥር ገጽ ሞላች። አንድም አልሳተችም።

«ስለ ምንድን ነው የሚያወራው?»

«አይ ዶንት ኖው፣ ማሚ። አላነበብኩትማ።»

ነሐሴ 18

ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሆቴል ውስጥ የቤት ትምህርት መጻሕፍት ኤግዚቢሽን። በሜትሮ ብቻዬን ሄድኩ። ክፍሉ አርሊንግተን ፓርኪንጉ ላይ ተረኛ ነው፤ ልጆቹ ጎረቤት።

ምን ያላየሁት አለ! አንዱ ከሸክላ የተሠራ እሳተ ገሞራ ፊት ቆሞ ኮምጣጤ ያፈስበታል። አረፋው ገነፈለ። ፊቴን አይቶ ድምፁን ከፍ፣ አነጋገሩን ዘገም አደረገ፣ ለደንቆሮ እንደሚያወራ።

«ይሄ… ምን… ይባላል?»

«ካርቦን ዳይኦክሳይድ» አልኩት።

አጨበጨበልኝ! ጎልማሳ ሰው፣ ከረባት ያሰረ፣ ለእኔ አጨበጨበልኝ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትምህርት ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ሳጥኑን መታ መታ አደረገና «ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ» አለ። አልተከፈተም፣ ታሽጓል። እሱም አላየውም መሰለኝ።

ከሱ ቀጥሎ ያለችው ሴትዮ እንቁራሪት በጠርሙስ ትሸጣለች። ፎርማሊኑ ይሸታል። እንቁራሪቷ ፊቷን አዙራለች፤ እውነቷን ነው።

ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ የፈተና መጽሐፍ። ስምንት መቶ ጥያቄ፣ መልሱ ከኋላ። ገጽ በገጽ አገላበጥኩት፤ «ለምን» የሚል አንድ ጥያቄ የለም። ሻጩ «ውጤት እናረጋግጣለን» ይላል። እንደ ሳሙና።

ባዶ እጄን ተመለስኩ። ባቡር ውስጥ ጥርሴን ነክሼ ስለነበር ቤት ስደርስ መንጋጋዬን አመመኝ።

ነሐሴ 21

ከክፍሉ ጋር ተጣላን።

«ሁሉም ያስጠላሻል። እሺ አንቺ የምትወጂው የታለ?»

«የለም።»

«የለም ብለሽ ልትጽፊላቸው ነው? ስሚኝ፣ የእትዬን ውሰጂ። አምስት ቤተሰብ ይዞታል፣ ጽሕፈት ቤቱም ያውቀዋል፣ ጥያቄ አይመጣብሽም።»

«ክፍሉ፣ ባዶ መሙላት ነው እኮ!»

«ዳክዬ ከመቀባት አይሻልም?»



ነሐሴ 24

የእትዬን ጥራዝ ስም ደብዳቤው ላይ ጻፍኩ። ፖስታውን ስልስ ምላሴ መረረኝ።

ጥቅምት 3

ጥራዙ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይወስድብናል። ልጆቹ አብቅተው ያዩኛል፣ ቀኑ ገና ነው። ስለዚህ በዘዴ የራሴን ጀመርኩ። የሻገተ እንጀራ ቁራሽ በማዮኔዝ ጠርሙስ፣ ከእቃ ማጠቢያው ሥር። ሌላ ቁራሽ ፍሪጅ ውስጥ። ሌላ ደረቅ ቁራሽ መስኮቱ ላይ። ባቄላም በወተት ካርቶን ዘራን፤ ወደ ብርሃኑ ሲያዘም ፅጌ ካርቶኑን ታዞረዋለች፣ በሁለት ቀን ተመልሶ ይዞራል። እሷም ተመልሳ ታዞረዋለች። ከባቄላው ጋር እልህ ተጋብታለች።

ቤት ውስጥ እንደ ልቧ ነው የምታወራው።

ኅዳር 7

እትዬ እንግዳወርቅ ድንገት መጡ። ውሃ ሊጠጡ ብርጭቆ ፍለጋ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ከፈቱ። እዚያ ምን አስኬዳቸው?

«በኢየሱስ ስም! ተናኘ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ሳይንስ ነው፣ እትዬ።»

ጠርሙሱን በሁለት ጣት አንስተው አዩት። አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ጠጉር ያወጣ ነጭ… ለእኔ ውብ ነው፣ ለሳቸው ግን ቆሻሻ።

«ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል? ኢትዮጵያውያን እንዲህ ነው የሚኖሩት አይባልም? ጥራዙስ?»

«ጥራዙም አለ።»

«እሱን አጥብቂ። ፈተናው ሻጋታ አይጠይቅም።»

ሲወጡ እጃቸውን በመሀረብ ጠረጉ። የኔን እጅ ከጨበጡ በኋላ ነው የጠረጉት።

ታኅሣሥ 19

ከላይብረሪ የተዋስኩትን የመለማመጃ ፈተና ዛሬ ሰጠኋቸው። ሰዓት ይዤ፣ እንደ ደንቡ።

ሉሊት እንደምንም አርባን አለፈች። ፅጌ ሃያ ሁለት።

የቴርሞሜትር ሥዕል ነበር፤ የትኛው ውሃ ይበርዳል ይላል። ፅጌ ገጹን ላይ ታች ስትፈልግ ቆየችና «ማሚ፣ ዓረፍተ ነገሩ የታለ?» አለችኝ። የትኛው ዓረፍተ ነገር? «መልሱ ያለበት።»

አራት ወር ሙሉ መልስ ገጹ ላይ ተኝቶ እንደሚጠብቃት አስተማርኳት። እኔ! ጥራዙን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት። ልጆቹ ደነገጡ፤ ይቅርታ አልጠየቅኳቸውም።

ጥር 20

ማክሰኞ። እኩለ ቀን ላይ ጎረቤታችን በሩን ደብድባ ቴሌቪዥን ክፈቱ አለችን። መንኮራኩሩ ሰማይ ላይ ፈነዳ። ሰባቱም… ውስጡ አስተማሪ ነበረች። ደጋግመው ያሳዩታል፣ ያ ነጭ ጭስ ለሁለት ሲከፈል።

ሉሊት፦ «ለምን ፈነዳ?»

እኔ፦ «አሁን ወደ መልመጃሽ። ፈተናው ሦስት ወር ነው የቀረው።»

ይኼን አልኩ። ሰው እየሞተ፣ ልጅ «ለምን» እያለች፣ ይኼን አልኩ።

የካቲት 9

አያሌው ከላንግሊ ፓርክ መጣ። የክፍሉ የአክስቱ ልጅ ነው፤ አንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ይሠራል። ኮቱን ሳያወልቅ ከብብቱ አንድ ጥራዝ አወጣ፣ ዕቁብ የወጣለት ይመስል እየሳቀ።

«ሊጥሉት ካርቶን ውስጥ ከተውት አገኘሁት። እዩት እስቲ!»

የድሮ ፈተና! ያውም ራሱ ልጆቹ የሚቀመጡበት ዓይነት። የሁለቱም ክፍል ደረጃ በአንድ ላይ። ሦስታችንም አንድ ላይ ጮህን። እኛ ማትሪክ ስንወስድ የአሥር ዓመት የድሮ ፈተና በእጃችን ገልብጠን አይደል ያለፍነው? ናዝሬት እንኳ ለስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ የድሮ ፈተና የማያሠራ አስተማሪ ሰነፍ ይባል ነበር። ለሦስት ቀበሌ ልጆች በስቴንስል አባዝቼ አድያለሁ፤ ወላጆች መርቀውኛል።

ሉሊት ሽፋኑን ስታነብ ቆየች።

«ማሚ፣ ዱ ኖት ኮፒ ይላል። አስተማሪ ብቻ ነው የሚይዘው ይላል።»

«የድሮ ነው እኮ። ዓመቱን እይው፣ ስምንት ዓመት አልፎታል።»

«ባት…»

«የተፈተኑበት ፈተና ምን ሚስጥር አለው?»

ሽፋኑን ወደ ታች ገልብጣ አስቀመጠችው። እኔም ደስ ብሎኝ ነበርና ልብ አላልኳትም። ከነሐሴ ወዲህ ያላስጠላኝ የመጀመሪያው ወረቀት ነው።

መጋቢት 2

ጥራዙን ትተነዋል። ቀኑን ሙሉ የአያሌው ፈተና ነው። ትናንት ፅጌ ገመድ ስትዘል «ሠላሳ ሁለት!» አልኳት። «ሲ!» አለች። «አርባ አንድ!» «ኤ!» ጥያቄውን ሳልነግራት፣ ቁጥሩን ብቻ።

ክፍሉ ሲስቅ እንባው ፈሰሰ።

መጋቢት 17

ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ጠርሙስ አውጥቼ ጣልኩት። ቦታ ያዘብን። ባቄላውም ደርቋል፣ ውሃ ያጠጣው የለም።

ሚያዝያ 14

ፈተናው እዚሁ አሌክሳንድሪያ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነበር። ፈታኟ ነጭ ጠጉር ያላት ጡረተኛ አስተማሪ ናት። ወላጅ ኮሪደር ላይ ይቀመጣል። እንደሆነው ልጻፈው።

ሳይንሱ ከተጀመረ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ በሩ ተከፈተ። ፈታኟ ናት፣ ሉሊት ከጎኗ።

«ልጅሽ ይኼ ፈተና ቤታችን አለ ትለኛለች። እጇን አውጥታ ነው የነገረችኝ። እውነት ነው?»

ጥራዙ በእጇ ነበር። ሽፋኑ ያው የአያሌው። ቀለሙ ያው። ሠላሳ ሁለት ቁጥር፣ አርባ አንድ ቁጥር… ለካ እዚህ አገር አንድን ፈተና ለዓመታት ይደጋግሙታል! ለካ ድሮ የሚባል የለም! በተከፈተው በር ፅጌ ትታየኛለች፤ ገጹን ሳታይ፣ እያንጎራጎረች፣ የመልሱን ክብ በተራ በተራ በእርሳስ ታጠቁራለች። ክፍሉ ቢኖር ምን ይል ነበር? ፅጌ፣ ዳክዬው፣ ያ ክፍል… ይኼ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ።

«ተደናግሯት ነው» አልኩ። በጠራ እንግሊዝኛ። «ሌላ የመለማመጃ ወረቀት ነው የሠራነው። ልጅ ናት።»

ሉሊት ቀና ብላ አየችኝ።

ፈታኟ እኔን አየች፣ እሷን አየች። «እንግዲያው ግቢና ጨርሺ፣ የኔ ማር» አለቻት።

ገባች። ጨረሰች።

ሚያዝያ 15

አለማወቄ ስህተት ነው፤ ስህተት ለማንም ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ግን… የስምንት ወር አስጸያፊ ነገር ሁሉ፣ ሻጩም፣ ጥራዙም፣ ዳክዬውም፣ አንድ ላይ ቢደመር የኔን አያህልም።

ዛሬ ማታ ምን ትበያለሽ አልኳት ሉሊትን፣ ፓስታ ወይስ ሽሮ?

«መልሱን ንገሪኝና እሱን እላለሁ።»

ቀልድ መሰለኝ።

ሚያዝያ 27

ቀልድ አይደለም። ቀዩን ትለብሺያለሽ ወይስ ሰማያዊውን? «የቱ ነው ትክክል?» ታመሻል እንዴ? «ምን እንድል ትፈልጊያለሽ?» ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ሳትቆጣ፣ እንደ ታዛዥ ልጅ። ቢሻት ትጩህብኝ! አትጮህም።

ግንቦት 20

ውጤቱ በፖስታ መጣ። ሳይንስ፦ ሉሊት ዘጠና ስምንት፣ ፅጌ ዘጠና ሰባት። ክፍሉ ወረቀቱን ሳመው። ከመሳሙም በፊት ለእትዬ ደውሎ ነበር።

ለሱ ያን ቀን የሆነውን አልነገርኩትም። ሉሊትም አልነገረችውም።

ግንቦት 24

እሑድ። እትዬ እንግዳወርቅ ተነሡና ለጉባኤው አበሠሩ። ጥራዙ እንዴት እንደባረከን፣ ከመቶ ዘጠና ስምንት… ማይኩን ይዘው ወደኔ መጡ። «ተናኘ፣ ምስክርነትሽን ስጪ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩና ተቀመጥኩ። ሁለተኛ ውሸቴ፣ ያውም በሱ ስም። ነሐሴ ላይ ባዶ መሙያ ውስጥ ስሙን ስላስገቡ የተጸየፍኩ እኔ ነበርኩ…

እልልታ። ጭብጨባ። ወዲያው በበሩ ላይ ሦስት እናቶች ካታሎጉን ሲጠይቁ አየሁ።

ሉሊት መዳፎቿ ላይ ተቀምጣ ነበር። መኪና ውስጥ ጠየቅኳት።

«ለምን አላጨበጨብሽም?»

«ማጨብጨብ ነበር መልሱ?»

ክፍሉ በመስታወቱ አያት፣ ከዚያ እኔን። «ምንድን ነው የምታወሩት?»

ድልድዩ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ጊዜ ነበረን። ሁሉንም ነገርኩት። ሉሊት እየሰማች።

ግንቦት 25

ክፍሉ፦ «አብደሻል? አለፉ እኮ! ማን ጠየቀሽ? በገዛ እጅሽ ፅጌን ልትመልሻት ነው?»

«ሉሊትስ?»

«ሉሊት ትረሳዋለች።»

«ቢሆንስ? ብትረሳው ይሻላል?»

ወጥቶ ሄደ። ለአያሌው ደውሎለት ኖሮ እሱ ደግሞ ደወለልኝ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «እህቴ፣ ስሜን እንዳትጠሪ፣ ጆቤን አጣለሁ።» አልጠራም አልኩት። አልጠራምም።

ግንቦት 26

ለፈታኟ ደወልኩ። ልጄ እውነቷን ነው፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት አልኳት። 

«እንድትደውዪ ልጅቷ ናት የገፋፋችሽ?»

«አታውቅም።»

«ከየት ነው ያገኛችሁት?»

«ከሚጣል ካርቶን።»

ከዚያ በላይ አልጠየቀችኝም። የዚያኑ ፈተና ሌላ ቅጂ አለ አለች፣ ጥያቄው የተለየ። ለጽሕፈት ቤቱ ግን ማሳወቅ አለብኝ አለች፤ የመጀመሪያው ውጤት ይሰረዛል። እሺ አልኩ። የአያሌውን ፈተና ወስጄ ሰጠኋት። በሩ ላይ ስለ ሉሊት አንድ ቃል ትናገራለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተናገረችም።

ሰኔ 3

እትዬ ቤት ሄድኩ፣ ብቻዬን። ጥራዝዎ አይደለም ያሳለፋቸው፣ ለእነዚያ ሦስት እናቶች ይንገሯቸው ልል። ከእሳቸው አፍ እሳት ይወጣል ብዬ ተዘጋጅቻለሁ።

እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ተነሥተው የሳሎኑን በር ዘጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ተናኘ… የልጅ ልጆቼ ሠላሳም አልሞሉ። ለሰው አልተናገርኩም። ያ ወረቀት ታዲያ እጅሽ ላይ አለ?»

«የቱ ወረቀት?»

«አያሌው ያመጣው፣ ክፍሉ ነግሮኛል። ለአንድ ሳምንት ብቻ አውሺኝ።»

አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ የነበረው ፍርሃት ያው የኔው ፍርሃት ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ፊቴ ይኼን ነበር የሚመስለው ማለት ነው። ተጸየፍኳቸውም፣ አሳዘኑኝም።

«መልሻለሁ፣ እትዬ።»

«ውይ!» አሉ። ከልባቸው ነው ያዘኑት።

ሰኔ 14

ሁለተኛው ፈተና። ክፍሉ ራሱ ነዳ። ለሁለቱም እርሳስ ቀርጾ ነበር።

ሐምሌ 9

ሉሊት ስድሳ ስድስት። ፅጌ ሠላሳ ስድስት።

አራት ልጅ ጎደላት። አራት! ከመቶው ውስጥ አራት የማላውቃቸው ልጆች፣ የት እንደሚኖሩ እንኳ የማላውቃቸው…

አለቀስኩ። ክፍሉ «ነግሬሽ ነበር» ይላል ብዬ ስጠብቅ ሻይ አፍልቶ አመጣልኝ። ስኳር ረስቶታል። ጠጣሁት።

ሐምሌ 22

ጽሕፈት ቤቱ ጠራን። ፅጌንም ይዛችኋት ኑ አሉ። የሰውዬው ጠረጴዛ ላይ የፅጌ ፋይል፣ ከዳሩ የዳክዬ ሥዕል ይታያል። አስቀምጠውታል!

በሕጉ የአንድ ዓመት ዕድል ልሰጣችሁ እችላለሁ፣ ግን እቅድ ያስፈልጋል አለ። «የትኛውን ካሪኩለም ትጠቀሚያለሽ?»

«አንዱንም።» በእጄ የጻፍኩትን ዘጠኝ ገጽ ሰጠሁት። በየሳምንቱ ምን እንደምናይ፣ ምን እንደምንለካ፣ ምን እንደሚጽፉ። የፈተናውንም መንገድ አልተውኩትም፤ ቴርሞሜትር ማንበብ፣ ሠንጠረዥ ማንበብ። በቴርሞሜትር እንጂ በሥዕል አይደለም።

ሲያገላብጥ ፅጌ ተነሣች። መስኮቱ ላይ ወደ ብርሃን የዘመመ ተክል አለ። ሄዳ ማሰሮውን አዞረችው።

«ለምንድን ነው ያደረግሽው?» አላት።

ይኼ ነው የምትዘጋበት ቦታ፤ ባዕድ ሰው፣ ቢሮ፣ ጥያቄ።

«ይመለሳል» አለች በእንግሊዝኛ፣ ለተክሉ እየነገረችው ይመስል። «ሁለት ቀን ቢበዛ። ከዛ ደግሞ ታዞረዋለህ።»

እኔ ከወንበሬ ልወድቅ ደረስኩ። ሰውዬው? ሰዓቱን አየ። ማሰሮውን ወደ ቦታው መለሰው። ምሳ ሰዓቱ ደርሶ ነበርና ዘጠኙን ገጽ ሳይጨርስ ፈረመ።

የልጄ አንድ ዓመት በአንድ ሰው ረሃብ ጸደቀ። ያስጠላል። ግን ወረቀቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ነሐሴ 20 ቀን 1978

ደብዳቤውን ዛሬ ላክሁ። ምን እንደምናስተምር በሚለው ቦታ ላይ የማንንም ጥራዝ ስም አልጻፍኩም። እሑድ ደግሞ ለሦስቱ እናቶች ራሴ ነገርኳቸው። እትዬ የደበቁትን ስላወጣሁባቸው አሁን አያናግሩኝም። አንደኛዋ እናት ግን ጥራዙን ይዛ መጥታ «ምን ላድርገው?» አለችኝ። እኔም አላውቅም አልኳት። ማክሰኞ ልጆቿን ይዛ ትመጣለች።

ሉሊት እስከ ትናንት ያው ነበረች። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፣ ሦስቴ። «እሺ» ትላለች፣ እንደ መልስ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሦስት የማዮኔዝ ጠርሙስ አጥቤ ደረደርኩ። በአንዱ እንጀራ፣ በአንዱ የሱቅ ዳቦ፣ በአንዱ ድፎ ዳቦ። ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ያያሉ። ፅጌ «እንጀራው ነው የሚቀድመው፣ አውቀዋለሁ!» ብላ ትጮሃለች። ሉሊት ግን ድፎውን አንሥታ አሸተተች። የሱቁን ዳቦ ወረቀት አንሥታ ከጀርባው የተጻፈውን ማንበብ ጀመረች፣ ደቃቁን ጽሕፈት፣ ውስጡ ምን ምን እንደገባ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

እኔ ደግሞ አስተማሪ ነኛ፣ አላስቻለኝም። አፌን ከፈትኩ።

ሉሊት ዓይኗን ከወረቀቱ ሳታነሣ እጇን ዘረጋችብኝ።

«አትንገሪኝ» አለች።